«የእንፋሎት መኪና ዕቃ»፦ ከዚራ ውስጥ የተገኘ የአንድ ሳጥን ጉዳይ

ሳጥኑ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «የእንፋሎት መኪና ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ሁለት ወር ሙሉ ያንከራተተን ግን እሱ ነው።

ሳጥኑ የተገኘው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ነው። የባላቸው አባት በአንድ ወቅት አሮጌ ብረት እየገዙ ይሸጡ ነበር። በኋላ የእህል ወፍጮ ከፈቱ። ከሞቱ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ጓሮ ያለው ዕቃ ቤታቸው እንደተቆለፈ ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና ዕቃው ይውጣ ተባለ። ከአልጋ ብረት፣ ከወፍጮ ድንጋይና ከተቀደደ ሸራ ሥር ይህ ሳጥን ወጣ።

(ድሬ ላይ የጓደኛ እናት «አንቺ» ነው የምትባለው። አንቱታ ሲበዛ «ምን ሆነሃል አቦ?» ያሰኛል። ጽሑፍ ላይ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ እሳቸው እያልኩ እቀጥላለሁ።)

ውስጡ አሥራ ሰባት ዕቃ ነበር። ሚዛን ላይ 23 ኪሎ ወጣ። ማግኔት ብናስጠጋ አብዛኛው አልያዘም፤ ናስና ነሐስ ነው። ሁሉም አቧራ፣ የደረቀ ቅባትና የአይጥ ኩስ ለብሷል። ቆራሊዮው ሳጥኑን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና በኪሎ ዋጋ ጠራ። እማማ ሊሸጡለት ተስማምተው ነበር። ያስቆማቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ «የእንፋሎት መኪና» ብሎ ፈለገ። መቶ ዓመት ያለፋቸው የሚያብረቀርቁ የአሜሪካ መኪኖች መጡለት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። አያታችን የንጉሡን መኪና ፈተው አስቀምጠዋል ተባለ።

ልጁ የሳጥኑን ፎቶ አንስቶ «የጥንት የእንፋሎት መኪና ዕቃ፣ ኢትዮጵያ» ብሎ ለሽያጭ አወጣ። በሦስተኛው ቀን አሜሪካ የሚኖር ሰብሳቢ ጻፈለት። እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። አባቴ ሸሚኖ ነበር፤ ድሬ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኛን እንደዚያ እንለዋለን። እኔም አሮጌ ነገር መፍታትና መግጠም እወዳለሁ። ባለሙያ ነኝ አልልም።

አለመሆኔንም በመጀመሪያው ቀን አስመሰከርኩ። ልጁ «በምን ላጽዳው?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ሎሚና ጨው ነው። የእናቴ የናስ ሙቀጫ የሚታጠበው እንደዚያ ነበር። ያልነገርኩት አንድ ነገር፣ እናቴ አሻሽታ ወዲያው ነው የምታጥበው። ልጁ ግን ከሳጥኑ የወጣውን የናስ ዘይት ማንጠብጠቢያ ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው። ጠዋት ሮዝ ሆኖ ጠበቀን። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። አሲድ ውስጥ ሲያድር ዚንኩ ከላይኛው ገጽ ይለቅና መዳቡ ይቀራል። እንዲህ የሆነ ናስ በመወልወል አይመለስም፤ ያ ገጽ ሄዷል። ልጁ ደንግጦ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ሥሩ ላይ ተመትተው የነበሩ ትናንሽ ፊደላት አብረው ሄዱ። ማን እንደሠራው የሚነግሩን እነሱ ነበሩ። እስከዛሬ የማን ሥራ እንደሆነ አናውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ዕቃ አይታጠብም።

ባቡሩና መኪናው

መጀመሪያ የቤተሰቡን ወሬ መፈተሽ ነበረብን። አፄ ምኒልክ መኪና አግኝተዋል፤ ይህ እውነት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አመጣላቸው። ያ መኪና ግን የሚሄደው በቤንዚን ነው። በእንፋሎት የሚሄደውና ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሰርኪስ ባቡር ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ነበር እንጂ የሰው መጫኛ መኪና አልነበረም። ሕዝቡ ግን «ባቡር» አለው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። በድሮ አማርኛ ባቡር ማለት በሐዲድ የሚሄድ ብቻ አልነበረም። ወፍጮውም ባቡር ነው። «እህሉን ባቡር ቤት ውሰጂው» ሲባል ያደገ ሰው ያውቃል። ቃሉ ራሱ ከእንፋሎት የመጣ ነው፤ የፈረንሳዩ ቫፐርና የጣሊያኑ ቫፖሬ በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ ባቡር ሆነ። መኪና ደግሞ ከጣሊያን ማኪና የመጣ ነው። ትርጉሙ ማንኛውም ማሽን ነው። የልብስ ስፌቱን «ሲንጀር መኪና» የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሟቹ አያት «የእንፋሎት መኪና ዕቃ» ብለው ሲጽፉ በእንፋሎት የሚሠራ ማንኛውንም ነገር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ልጁ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። እማማ ግን ሳቁ። «እኔስ ብዬ ነበር! አባባ መኪና መንዳት ሳይችሉ ሞቱ እኮ» አሉ።

ጌጁ የተናገረው

ወሬ ወሬ ነው። ማስረጃው ከዕቃው መምጣት ነበረበት። መጣም። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት የግፊት ጌጆች ነበሩ። ትልቁ ፊቱ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 20 ይሄዳል። መለኪያው ኪሎግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 12 ላይ ቀይ መስመር አለ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻቸውን ጉዳዩን ጨረሱት ማለት ይቻላል። ከእንፋሎት መኪኖች ሁሉ ስሙ የገነነው ስታንሌይ ነው። መንትያ ወንድማማቾች አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አንዱ መኪናቸው ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጧል፤ በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ፋብሪካው እስከ 1924 ድረስ ሠርቷል። የስታንሌይ ቦይለር (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ትንሽ በርሜል ያክላል። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ውጪው በፒያኖ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል። ይህ ሁሉ የሆነው ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ነው፤ 600 ፓውንድ በካሬ ኢንች ያህል ይደርሳል። በኛ ጌጅ ሲመነዘር 42 ነው። የኛ ጌጅ 20 ላይ ያልቃል። ስታንሌይ ላይ ቢገጠም በመጀመሪያው ቀን ቀስቱ ይጣመም ነበር።

12 ግን ለሐዲድ ባቡር የተለመደ ግፊት ነው። ኪሎግራሙም የአውሮፓ ነው። አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ በፓውንድ ይጽፋሉ።

ልጁ በቀላሉ አልተረታም። «ፈረንሳዮችም የእንፋሎት መኪና ሠርተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰርፖሌ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ኒስ ላይ በእንፋሎት መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የእሱ ቦይለር ደግሞ ውሃውን ጋን ሙሉ አያፈላም። በጋለ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየላከ ወዲያው እንፋሎት ያደርገዋል። ስለዚህ ውሃው የት ደረሰ ብሎ በመስታወት ማየት አያስፈልግም። የኛ ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ከላይና ከታች ቧንቧ ያለው፣ መሐሉ ላይ የመስታወት ቱቦ የሚገባበት የውሃ ልክ ማሳያ ነው። መጠኑም ክንድ ያህላል። ሰርፖሌም ተሰናበተ።

ሁለተኛው ጌጅ በፓውንድ ነው፤ እስከ 200 ይሄዳል። እሱ ትንሽ አጠራጠረን። የእንፋሎት መኪኖች ከእንፋሎቱ ሌላ የነዳጁን ግፊት የሚያሳይ ጌጅ አላቸውና ልኩ ሊቀራረብ ይችላል። የአሜሪካው ሰብሳቢ ያቀረበልን ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ «ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ለካንና ላክንለት። ከትልቁ እኩል ነው፤ ሽፋኑም ብረት ነው። «ይህ መኪና ላይ ቢገጠም ሹፌሩ መንገዱን አያይም» ብሎ መለሰ። ከዚያ በትሕትና ተሰናበተን። ምንም ባይገዛም ለዚያ መልሱ አመሰግነዋለሁ።

ቀሪውን የለየልን አንድ አዛውንት ሸሚኖ ናቸው። የእንፋሎቱን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። በጠዋት ይዘናቸው መጣን፤ ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ሰው ማግኘት ዘበት ነው፣ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። አዛውንቱ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። አንዱን ከባድ፣ አፉ ሦስት ቦታ የተከፈተ ነሐስ ሲይዙ ፊታቸው በራ። «ይህ አጠጪው ነው» አሉ። ኢንጀክተር ነው።

ስለ ኢንጀክተር ትንሽ ላውራ፤ ከሳጥኑ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ፈረንሳዊው ዢፋር እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠረው ነው። ችግሩ ይህ ነው፦ ቦይለሩ ውስጥ 12 ኪሎ ግፊት አለ። ውሃው እየተነነ ስለሚያልቅ አዲስ ውሃ መግባት አለበት። ግፊቱ ግን ወደ ውጪ ይገፋል። ኢንጀክተሩ የዚያኑ ቦይለር እንፋሎት በጠባብ አፍ ይለቀዋል። እንፋሎቱ በፍጥነት ሲወጣ ቀዝቃዛውን ውሃ ይስባል። ከውሃው ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ ራሱ ውሃ ይሆናል፤ ፍጥነቱን ግን ይዞ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አፉ ሲሰፋ ያ ፍጥነት ግፊት ይሆንና ውሃው እንፋሎቱ ወደ መጣበት ቦይለር ሰብሮ ይገባል። የሚዞር ነገር የለውም፣ ፓምፕ የለውም። ልጁ ሦስቴ አስደገመኝ። እውነት ለመናገር እኔም ለራሴ ሁለቴ ደግሜዋለሁ።

የማን ንብረት ነው?

አዛውንቱ ከሳጥኑ ሥር አንድ ሰሌዳ አወጡ። የናስ ነው፣ ቁጥር ተቀርጾበታል። ዝም አሉ። ከዚያ «ይህ አይሸጥም ነበር» አሉ።

ድሬዳዋን የወለዳት ምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ አልወጣላትም፤ ከሥሯ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መንገዱ በጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ትልቁ የጥገና ቦታ የነበረው እዚሁ ድሬ ነው። እንግዲህ ከዚራ ውስጥ ሳጥን ተከፍቶ የባቡር ዕቃ ቢወጣ ማንም አይደነቅም። ሊያስደነግጥ የሚገባው በምን መንገድ ወጣ የሚለው ነው። የባቡር ዕቃ የሕዝብ ንብረት ነው። ተሰርቆ የወጣውን የገዛም ይጠየቃል።

ሦስት ቀን ወረቀት አገላበጥን። የአያት ሰነዶች በሃልዋ ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። አንድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደረሰኝ ተገኘ። አሮጌ ናስና ነሐስ በክብደት ለእሳቸው እንደተሸጠ ይላል። ጊዜው በ1940ዎቹ ነው፤ ናፍጣ ሞተሮች ገብተው እንፋሎቱ ጡረታ መውጣት በጀመረበት ዘመን። እማማ ደረሰኙን ሲያዩ አለቀሱ። ለካ ያን ሰሞን ሁሉ አማታቸው ሌባ ነበሩ እንዳይባል ፈርተው ነበር።

ደረሰኙ ግን ስለ ሰሌዳው አይናገርም። ተመካከርንና ሰሌዳውን ለባቡሩ ንብረት ጠባቂዎች መለስን። የተረከቡበት ወረቀት ሰጡን። ልጁ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። አልፈርድበትም፤ ሰብሳቢ ዘንድ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ነው።

ወደ ውጭ የመላኩን ሐሳብም ያኔ ተውነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ይህ ዕቃ ቅርስ ነው ወይስ አሮጌ ብረት የሚለውን የምንወስነው ደግሞ እኛ አይደለንም። በፖስታ ልከን ከምንያዝ እዚሁ ገዢ እንፈልግ አልን።

በመፋቂያ ማጽዳት

አሁን ማጠብ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ዕቃ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠን ፎቶ አነሣን። ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ ወረቀት ለጥፈን እርሳስ አሻሸንበት፤ ልጆች ሳለን ሳንቲም እንደምንስለው ማለት ነው። ዓይን የማያየውን ፊደል ወረቀቱ ያወጣዋል። አንድ ቧንቧ ላይ አራት ፊደል ያገኘነው እንደዚያ ነው።

የቧንቧዎቹ አንገት ላይ ነጭ፣ ጭረት ጭረት ያለው ማሸጊያ ነበር። ልጁ በሽቦ ብሩሽ ሊያስነሣው ሲል እጁን ያዝኩት። የዚያን ዘመን የእንፋሎት ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ አስቤስቶስ ነው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ካንሰሩ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርግጠኛ ባንሆንም እንደሆነ ቆጠርነው። ውሃ አርከፈከፍንበት፣ ሳይደርቅ በፌስታል ጠቀለልነው፣ በቧንቧው ላይ እንዳለ ተውነው። ለገዢውም ነገርነው።

ለቀረው ቅባት ነጭ ጋዝ በቂ ነው። ሁለት ቀን ተዘፈዘፈ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ታጠበ። የሽቦ ብሩሽ ከልክለን መፋቂያ አመጣን። ሳቃችሁ? ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ለናስ የሚወዳደረው የለም። ፊሌቶው (የብሎኑ ጥርስ) ውስጥ ይገባል፣ አይጭርም፣ ሲያልቅ ቆርጠህ እንደገና ታኝከዋለህ (ሌላኛውን ጫፍ!)። የተጣበቁ ዳዶዎችን ዘይት እያጠጣን በሙቅ ውሃ አላላናቸው። ማርቴሎ አልነካቸውም። ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ተውናቸው።

ውሃ ማሳያው ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። የድሬ ሰው ይህን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልገውም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በየቀኑ ያየዋል። ውሃችን ጨዋማ ነው። በውሃ የቀጠነ አቼቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሰጠነው፣ አጠብን፣ ደገምን። ከሎሚው ተምረናል።

ጌጆቹን አልከፈትናቸውም። ውስጣቸው ያለው የታጠፈ ጠፍጣፋ ቱቦ ነው። ግፊት ሲገባበት ልደት ላይ ልጆች እንደሚነፉት የወረቀት ፊሽካ ሊዘረጋ ይሞክራል፤ ያ እንቅስቃሴ ነው ቀስቱን የሚያዞረው። ቡርዶን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠረው ነው። ቱቦው ስስ ነው፣ የጌጁ ፊት ደግሞ ቀለም ነው። ውጪውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ አበቃ። ማድረቂያው የድሬ ፀሐይ ነው። አንድ ሰዓት ረስተን የተውነውን ኢንጀክተር በባዶ እጄ አንስቼ መዳፌ ላይ ምልክት አለኝ።

ሽያጩ

ሽያጩ ከማጽዳቱ አጭር ነው። ኢንጀክተሩን የወሰደው አንድ የመካኒክ አስተማሪ ነው። ከሁሉም ርካሽ የሸጥነው እሱን ነው፤ ለሁለት ሰንጥቆ ለተማሪዎች ውስጡን ሊያሳይ ነው። ጌጆቹን፣ ውሃ ማሳያውንና ፊሽካውን የገዛው የሆቴል ባለቤት ነው። ሮዟን የዘይት ማንጠብጠቢያ ሲያይ «ይቺ ምን ሆና ነው?» አለ። ነገርነው። ከዋጋው ግማሹ ወረደ። የቀሩት ትናንሽ ቧንቧዎች አንድ ላይ ለአንድ ካፌ ሄዱ። ተደምሮ ቆራሊዮው ከጠራው አምስት እጥፍ ሆነ። ሁለት ወር ለፈጀ ሥራ ብዙ አይደለም። እማማ ግን ጣሪያውን አሠሩበት።

ለእያንዳንዱ ገዢ በወረቀት የሰጠነው ቃል አንድ ነው፦ ይህ ለጌጥ ነው፣ እንፋሎት አይግባበት። የመቶ ዓመት ናስ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ከውጪ አይታይም። «ይሠራል?» ለሚል ሰው መልሳችን «አልሞከርንም፣ እናንተም አትሞክሩ» ነበር።

ፊሽካው ላይ ግን ራሴ ደንቡን ጣስኩ። ከማስረከባችን በፊት ከጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ተውሰን በዝቅተኛ አየር ነፋነው። ፊሽካ አፉ ክፍት ስለሆነ አየር አያምቅም ብዬ ነው። ጮኸ። መንደሩ ወጣ። አዛውንቱ ሸሚኖ ከበራቸው ላይ ሆነው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ የኛ አይደለም» አሉ። «የኛ ወፍራም ነበር።»

ለሆቴሉ ባለቤት የሸጥነው «የባቡር ፊሽካ» ብለን ነው። ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት። ገንዘቡን ልመልስ አልኩ። ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ለእንግዶቼ ምን ብዬ ላሳይ?» አለኝ።

«ፊሽካ በላቸው» አልኩት። ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሰንለት ወሰደው።